የቶሮ ባቄላና የመንዝ ጓሳ

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ ሞላሌ ሄጄ ነበር። የሞላሌን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ባወራም አያምነኝምና ልተወው። ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎቹና እኔ ብቻ በቀረንበት ሰዓት አንድ ወጣት መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። የእንግሊዝኛ መምህር ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ ነበር ሲሉ ሰማሁ» አለኝ።

«ድሮ» አልኩት።

ከኮቱ ኪስ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ አወጣ። የሄንሪ ዴቪድ ቶሮ «ዋልደን» ነው። ዘመዱ አዲስ አበባ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ገዝቶ የላከለት። ከመሐሉ አንድ ምዕራፍ ቀንጭቦ ለተማሪዎቹ አንብቦላቸው ኖሯል። ተማሪዎቹ ያሉትን ሲነግረኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አንዱ እጁን አውጥቶ «ሰውዬው ጤነኛ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ልጅ ደግሞ «ባቄላ መዝራት መጽሐፍ የሚያስጽፍ ከሆነ የኔ አባት ስንት መጽሐፍ ይወጣው ነበር?» አለች።

አብረን ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን ልጁ የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ። «ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር እንዲያነቡ እፈልጋለሁ። ስለ ጓሳ በአማርኛ የተጻፈ፣ ለጥናት ሳይሆን ለንባብ የሚሆን፣ አንድ መጽሐፍ ይጥቀሱልኝ።»

ጠላዬን አነሳሁ። ጠጣሁ። አስቀመጥኩ። አንድም ስም አልመጣልኝም።

«አፈላልጌ እልክልሃለሁ» አልኩት። የከተማ ሰው መልስ! ይኸው እስከ ዛሬ ዕዳው አለብኝ። ለአሁኑ ወለዱን ልክፈል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እስቲ መጀመሪያ በዚያች ልጅ አባት ጀምረን ቶሮን እንየው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1845 ማሳቹሴትስ ውስጥ ከኮንኮርድ ከተማ ወጣ ብሎ ዋልደን ከተባለ ኩሬ ዳር፣ በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ገባ። በዚያ ጊዜ እኛ ዘንድ ሸዋን የሚገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። መሬቱ የቶሮ አይደለም፤ የወዳጁ የራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ነው። የእናቱ ቤትም በእግር የሚደረስበት ቅርብ መንገድ ላይ ነበር፤ ብዙ ጊዜም እየሄደ ይበላ እንደነበር የሚያሽሟጥጡት አሉ። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ተቀምጦ ወጣ። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው።

የዘራው ነገር በትክክል ከተባለ ቦሎቄ ነው። የሞላሌ ተማሪዎች ባቄላ ብለው ተረጎሙት፤ በደጋ የሚያውቁት ባቄላን ነውና አልፈርድባቸውም፤ እኔም እንደነሱ ልበል። መሬቱ ሁለት ኤከር ተኩል፣ በእኛ አራት ጥማድ ገደማ ይሆናል። በዚያ ማሳ ላይ የሠራውን ሥራ ሲተርክልን ቶሮ አያፍርም፤ ስንት እንዳወጣና ስንት እንዳገኘ እስከ ግማሽ ሳንቲም ድረስ ጽፎ አስቀምጦታል። ወጪውን ሸፍኖ የቀረው ትርፍ 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል ነው። ጎጆዋ ደግሞ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ወጣባት። ምስማሩ፣ ጡቡ፣ ኖራው፣ መጋጠሚያው ሳይቀር በዝርዝር አለ። ባቄላውን የሚበሉበት ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬዎችም ነበሩበት፤ ሩብ ኤከሩን ጠርገው በልተውበታል። እሱ ግን ተናዶ ሲያበቃ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ የቀድሞውን አረም ነቅሎ ባቄላ የተከለ እሱ ነውና፣ የአውሬዎቹን ጥንታዊ ጓሮ ያፈረሰ ማን ሆነና ነው ብሎ ይጠይቃል።

ጭላዳ ገብስ ሲበላበት ያደገ የመንዝ ልጅ ይህን ሲሰማ ቢስቅ ምን ይገርማል? እሱ እኮ ወንጭፉን ይዞ ጥበቃ ላይ የዋለ ነው። ግን ተማሪዎቹ ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። መጽሐፉን ያስጻፈው ባቄላው አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ማንም ገበሬ የሚያውቀውን ተራ ነገር፣ ይህ ተራ ነገር መመዝገብ አለበት ብሎ መነሳቱ ነው። የአሜሪካ ጸሐፊዎች ተፈጥሮን ወደዱ ሲባል እንሰማለን፤ ማን ያልወደደ አለ? ልዩነቱ መውደዱ ላይ አይመስለኝም። ልዩነቱ ቆጠራው ላይ ነው። ኤሚሊ ዲክንሰን የተባለችው ባለቅኔያቸው ገና ተማሪ ሳለች ከ400 በላይ ዕፅዋት ለቅማ፣ አድርቃ፣ ስማቸውን ከሥራቸው ጽፋ በአንድ ጥራዝ አስቀምጣለች። በሕይወት ሳለች ጎረቤት የሚያውቃት በአትክልቷ እንጂ በግጥሟ አልነበረም፤ 1,800 ያህል ግጥም ጽፋ የታተመላት ከአሥር ያልበለጠ ነው። በኋላ ግጥሞቿ ሲወጡ ግን ንቧም፣ ሣሩም፣ አበባውም በስም የተጠራ፣ በዓይን የታየ ሆነ።

የእኛስ? በቋንቋችን «ገነት» ማለት የአትክልት ቦታ ነው። ቃሉን ወደ ሰማይ ሰቀልነውና ለምድሪቱ «ጓሮ» ቀረላት። ጓሮ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጓሮ በር፣ የጓሮ ወሬ! የሚደበቅ ነገር ነው። አክስቴ በሞላሌ ጓሮዋ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም አላት። ጦስኝን ከሜዳ ታመጣለች። የትኛው ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን አንድ ሙሉ ቀን ብትናገር አትጨርሰውም። ይህን ሁሉ «ምን ዕውቀት አለኝ ብለህ፣ የጓሮ ነገር ነው» ብላ ነው የምታልፈው። ዲክንሰን ይህን አላለችም፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

ወደ ጓሳ ልመለስ። መንዝን ያላየ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስረዳው። ከደብረ ብርሃን አልፈው ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ሲታጠፉ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ የተዘረጋ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሜዳ አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ይህ ሣር የመንዜ ቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ነው፤ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ነው፤ ጭቃ ሲቦካም አብሮ ይገባል። በሣሩ መሐል ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ጅብራ፣ ጦስኝ አለ። ከአንዱ ጎን የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ ከሌላው ጎን የሚወርደው ወደ አባይ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ እንዴት ሳይታረስና ሳይጋጥ ቆየ? መልሱ ቄሮ የሚባለው የመንዝ ሥርዓት ነው። (በቅርብ ዓመታት በጋዜጣ ከሰማነው ስም ጋር አታምታቱት፤ ይኼኛው የመንዝ ሽማግሌዎች ነው።) ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ የቆየ ነው ይባላል። የመንዝ አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ሰዎች ሜዳውን ተካፍለው ያዙት። የሚመርጡት አለቃ አላቸው፤ አባ ቄራ ይባላል። ሜዳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን አንድ እፍኝ ሣር ያጨደ፣ አንዲት በግ ያስገባ ቅጣቱ ከባድ ነው። ጥበቃው የሁሉም ነው፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራ ይወጣል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሰዉ ያጭዳል፣ ከብቱም ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ተመልሶ ይዘጋል። የሣሩን ሕግ ከጾሙ ጋር ማሰራቸው የብልህ ሥራ ነው፤ ቀኑን ረሳሁት የሚል አይኖርማ።

እዚህ ላይ ነው ወደ አንድ ሌላ አሜሪካዊ የምመጣው፤ የዚህች ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። ዶናልድ ሌቪን ይባላል። ኢትዮጵያውያን ወዳጆቹ ሊበን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1958 መጥቶ እስከ 1960 ኢትዮጵያ ቆየ፤ አማርኛ ተማረ፤ መንዝ ወርዶ ከገበሬው ጋር ተቀመጠ። በኋላ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፉን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ያረፈው። ስለ መንዝ ሰው ከርሱ በፊት እንዲህ የጻፈ የለም። የገበሬውን ውሎና አዳር፣ አበላሉንና አጿጿሙን፣ ልጅ አስተዳደጉን በአክብሮት ነው ያቀረበው። ይህን የማይቀበል አንባቢ ካለ መጽሐፉን አላነበበም እላለሁ።

ታዲያ የመጽሐፉ ማሰሪያ ምንድን ነው? አንደኛው፣ አማራ ንግግሩ ድርብ ነው፤ በሰሙ ሥር ወርቅ ይደብቃል፤ ይህም ከዘመናዊ ኑሮ ጋር ይጋጭበታል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አማራ ግለኛ ነው የሚል ነው። ማኅበርን ያውቃል፤ ነገር ግን ከቤተሰቡና ከጌታው አልፎ ለጋራ ጉዳይ በጋራ የመቆም ልማዱ ደካማ ነው ይለናል። መጽሐፉ ሲወጣ የኛ ምሁራን በብርቱ ተቃውመውታል፤ የተቆጡት ግን በብዛት በመጀመሪያው ነው። «ድርብ ተናጋሪዎች አይደለንም» ሲሉ በድርብ ንግግር የተከራከሩም አይጠፉም!

እኔን የሚከነክነኝ ሁለተኛው ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ግለኝነትን የጻፈው ስለ መንዝ አውቆ ነው። ከዚያው ከመንዝ ሜዳ ላይ ግን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሣር፣ ማንም እንዳያጭደው ሁሉም የሚጠብቀው፣ ለዘመናት የቆየ የጋራ ሕግ ነበር። ይህ ሕግ በመደምደሚያው ላይ ሚዛን አልደፋም። ለምን? ክፋት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። ሌቪን የመጣው ቃል ፍለጋ ነው። ቅኔ ቤት ገባ፤ ተረትና ምሳሌ ሰበሰበ፤ ሰው ምን እንደሚል ጠየቀ። ሰውም ነገረው። ስለ ሣር ሲሆን ግን መንዜ ቅኔ አይቀኝም። ቄሮ ሰምም ወርቅም የለውም። ቀን አለው፣ ድንበር አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ቅጣት አለው፤ አለቀ። ድርብ ትርጉም ለሚፈልግ ጆሮ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ያለ ይመስላል።

ለነገሩ በዚያ ዘመን የዓለም ምሁር ሁሉ እንደዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጽፎ ዓለምን አሳመነ። ጉዳዩን አገላብጣ፣ ሕዝብ ራሱ በሚያወጣው ሕግ የጋራ ሀብቱን ለዘመናት መጠበቅ እንደሚችል ያሳየችው ኤሊኖር ኦስትሮም ናት፤ መጽሐፏ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኖቤሉን ያገኘችው ደግሞ በ2009 ነው። እሷ ማስረጃዋን ከስዊዝ ተራሮችና ከጃፓን መንደሮች አመጣች። መንዝን የሚነግራት አላገኘችም እንዳልል፣ የምንነግራት እኛ ምን ጽፈን ነበር?

አክስቴ ሌቪን ኢትዮጵያ በነበረበት ዘመን ልጅ ነበረች። በሠርጉ ማግስት ከምድጃው ዳር ተቀምጠን ስለ አያቴ አነሳንባት።

«እትዬ፣ አባባ ጓሳ ይጠብቁ ነበር አይደል አንቱ?» አልኳት።

«ይጠብቅ ነበር! በዚያ ጥበቃ አይደል ከነአያ ጋር የተኳረፍነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ተራው ደርሶ በሌሊት ሲዞር የገዛ እህቱን ልጅ ማጭድ ይዞ አገኘው። ልጁ የጫነው አንዲት ሸክም ሣር ነው፤ የቤታቸው ክዳን አፍስሶ እናቱ በክረምቱ ታማለች። አያቴ ልጁን ከነሸክሙ እየነዳ ወደ አባ ቄራው አደረሰው። ልጁ ተቀጣ። እህትና ወንድም ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም፤ በፋሲካ እንኳ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቁት።

«ታዲያ አባባ አልተጸጸተም?» አልኳት።

«ሲሞት ድረስ ያነሳው ነበር። ደግሞ ያን ዕለት ቢመለስ ያንኑ ያደርግ ነበር።»

ይህን ሰው ነው ግለኛ የሚሉብኝ። ቢሆንም አያቴን ላሞግስ ብዬ ቄሮን ጻድቅ አላደርገውም። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ነበር። ርስት የሌለው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ ሜዳውን ከሩቅ ነበር የሚያየው። ስለዚህ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ብዙ ሰው እልል ማለቱ ትክክል ነው። አዋጁ ግን ርስቱን ሲያፈርስ ቄሮውንም አብሮ አፈረሰው። ከዚያ በኋላ ጓሳው የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን ደግሞ ጠባቂ አጣ፤ ተጋጠ፣ ታጨደ፣ ዳሩ ታረሰ። ሕዝቡ እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ፣ በዚህ ጊዜ ርስት ያለውንም የሌለውንም ይዞ፣ ሜዳውን መልሶ መዝጋት ጀመረ። በኋላም የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በደንብ አጸናው። ከጻድቃን ታሪክ ይልቅ እንዲህ ያለው፣ የወደቀና የተነሳ ሕግ ታሪክ ነው መጽሐፍ የሚያስፈልገው።

ሌቪንን ይህን ያህል ከወቀስኩ ፊቴን ወደ ራሳችን ላዙር። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ ተፈጥሮ አልጻፈም አልልም። መስከረምና አደይ አበባ ያልገባበት የግጥም መድበል ፈልጋችሁ አምጡ! ወንዞቻችን የሀገር ምሳሌ ሆነዋል፤ ተራሮቻችን የጀግና ምሳሌ ሆነዋል። ችግሩ ይኸው ምሳሌነታቸው ነው። ወንዙ ወንዝ ሆኖ ለአንድ ገጽ እንኳ አይቆይም፤ ሳይውል ሳያድር ሀገር ይሆናል። እኛም እንደ ሌቪን ሰሙን ገፍፈን ወደ ወርቁ እንሮጣለን። እዚህ ላይ ሰሙ ግን ሣሩ ነው፤ ውሃው ነው፤ አፈሩ ነው።

የመሬትን ነገር ደግሞ ፖለቲካው ወሰደው። ከ1957ቱ «መሬት ላራሹ» ሰልፍ ጀምሮ መሬት በኛ ጽሑፍ ውስጥ ጥያቄ ነው። የማን ነው? ለማን ይሰጥ? ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ሰው ሞቶበታል። ግን በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ መሬት ምን እንደሚያበቅል የተጻፈበትን ፈልጉ። የመሬትን ጥያቄ የሚያውቅ፣ መሬትን የማያውቅ ትውልድ ነበርን። ነበርን ስል እኔም አለሁበት።

አንድ ሰው ግን ከዚህ ወቀሳ ነፃ ነው፤ ለመንዝም ጎረቤት ነው። ዳኛቸው ወርቁ። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ታሪኩን ያስቀመጠው ከጣርማ በር ቁልቁል፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ተማሪ አደፍርስ ወይዘሮ አሰጋሽ ቤት ያርፍና ከሀገሬው ጋር ሲከራከር ይከርማል። ክርክሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ በየፈተናው ይጠየቅ ነበር። የመልክዓ ምድሩን ገለጻ ግን ማንም አይወደውም። ይከብዳል፤ ቃሉ የሀገሬው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ገደሉ መንገድ ይጠማዘዛል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ዘለልኩት። አሳፋሪው አስተማሪ ስሆን የሠራሁት ነው፤ «ይህን ክፍል ለፈተና አትጨነቁበት» ብዬ ተማሪዎቼንም አዘለልኳቸው። ስንት ዓመት!

ከሠርጉ ስመለስ ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ጎማ ቀየረ። ወርጄ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና አየሁ። ጉሙ ከታች እየወጣ ነው፤ አንዱ ሸንተረር ይታይና ይጠፋል፣ ሌላው ይታይና ይጠፋል። ያን ጊዜ ነው የዳኛቸው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደሚጠማዘዝ የገባኝ። አልከበደም፤ ያየውን ነው የጻፈው። አዲስ አበባ እንደገባሁ የዘለልኳቸውን ገጾች ብቻ ለይቼ አነበብኩ። ለዚያ መምህር መልስ መሆን የሚችል አንድ መጽሐፍ በእጄ ነበር ማለት ነው፤ ስለ ጓሳ አይደለም እንጂ፣ ከጓሳው አፋፍ ሥር ነው።

ስለ ጓሳው ዛሬ የሚጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሳይንስ መጽሔት። አሜሪካውያን የጦጣ ተመራማሪዎች ሜዳው ላይ ጭላዳን ለዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጡት ጥናቶች አንዱ የሚነግረንን ስሙ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። በመንጋው መሐል ሲያድን 67 በመቶ ይቀናዋል፤ ለብቻው ሲያድን 25 በመቶ ብቻ። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «እረኛ የማያውቀው መስሎህ ነው?» አለችኝ። እረኛው ያውቃል፤ እውነቷን ነው። በመቶኛ ቆጥሮ የጻፈው ግን እረኛው አይደለም፤ የእረኛው ልጅ የሆንኩት እኔም አይደለሁም። ጽሑፉን የሞላሌ ተማሪ ላንብብህ ቢል እንግሊዝኛው አያስገባውም፤ ቢያስገባው ደግሞ አያቱ ውስጡ የሉም። ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ አይጥ አለ። ሣሩን ያቆየው በሌሊት የሚዞር ሰው የለም።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ሞላሌ ላይ ግን አንድ ወጣት ሠርጉ ዳስ ውስጥ ሲከራከር ሰምቻለሁ፤ ሥራም መሬትም የለውም። «ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ጓሳ ለማን ነው የምንጠብቀው? ይታረስልን!» ይላል። ሽማግሌዎቹ የመለሱለት «ተው፣ የአባቶች ነው» ብለው ነው። ልጁ ሳቀባቸው። ከአባቶች ነው በላይ የሚመልሱለት ነገር ነበራቸው፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በ1967 በኋላ ምን እንደሆነ፣ እነማን ተገልለው እንደነበርና እንዴት እንደገቡ። ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ልጁ አንብቦ ይከራከር ነበር። በቃል ያለው ግን ከሽማግሌው ጋር እያረጀ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሞላሌ አልሄድኩም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ መንዝ ዘለቀ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት መጣና መንገዱ የሚታመን አልሆነም። መምህሩ ግን አልረሳኝም፤ እኔ መጽሐፍ እልካለሁ ብዬ ስቀር እሱ ለኔ ላከልኝ። ተማሪዎቹን ስለ ጓሳ ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ ብሏቸው፣ ከደብተር የተገነጠሉ ሦስት ወረቀቶች በስልክ ፎቶ አንስቶ። ሁለቱ እንደ ንግግር ናቸው፤ «ጓሳ ለሀገር ጠቃሚ ነው» ይላሉ። ሦስተኛው የአንዲት ልጅ ነው። ስለ አባቷ ባቄላ የጠየቀችው ትሁን አትሁን አላውቅም። መግቢያ የለውም፤ ዝርዝር ነው። ለአንድ ጎጆ ክዳን ስንት ሸክም ጓሳ እንደሚገባ፣ አንዱን ሸክም ለማጨድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሣሩ ከመከደኑ በፊት ስንት ቀን እንደሚደርቅ ጽፋለች። ከታች «አያቴ ናቸው የነገሩኝ» ብላ ፈርማለች።

ለአክስቴ ደውዬ አነበብኩላት። በጸጥታ ሰማችኝ። «20 ሸክም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን አቋረጠችኝ።

«20 ሸክም? ይህቺ ልጅ የማን ናት? በ20 ሸክም የዶሮ ቤት ይከደን እንደሆነ እንጃ! የኛን ጎጆ አባትህና አጎቶችህ ሲከድኑ እኔ ነኝ የቆጠርኩት፤ ቆይ ወረቀት ያዝ…»

ወረቀት ያዝኩ።